“ኔትዎርክ የለም” ስንል ምን ማለታችን ነው? የሲም ካርድ ራውተርን በጌዴኦ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ስለ ማገናኘት

በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መድረክ በዲላ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ትንሽ ነው። በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ሲም ካርድ የሚጎርስ፣ ከተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትዎርክ የዳታ አገልግሎት ተቀብሎ በዙሪያው ላሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚያከፋፍል አንድ ሣጥን ነው። የዚህን ሣጥን አተካከል በሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ ማንሣት ለአንዳንዶቻችሁ የቴክኒሻን ሥራ ወደ ምሁራን አዳራሽ እንደ ማምጣት ሊቆጠር ይችላል። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ባስተማርሁበት ሙያ ውስጥ፣ ተማሪዎቻችን በፈተና ላይ አጥርተው የሚጽፉትንና በመስክ ላይ የሚያጡትን ነገር እንደዚህ ሣጥን ያሳየኝ መሣሪያ የለም። ስለዚህ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ልናገር። የምንኖርበት የጌዴኦ ምድር ከዲላ ተነሥቶ በወናጎና በይርጋ ጨፌ አልፎ ወደ ኮቸሬና ወደ ገደብ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ ቡሌ ከፍታ ይወጣል። ተራራው ገደላማ ነው፤ ገደሉ ግን ራቁቱን አይደለም። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ሌላ አዝርዕት ተደራርበው ይበቅላሉ። ይህ ሰውና ዛፍ ተስማምተው የኖሩበት ሥርዓት በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ዛሬ ማታ የምነግራችሁ፣ ለቅርስነት ያበቃን ይኸው ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ለሬዲዮ ሞገድ አስቸጋሪ መንገድ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው የቦታው ነገር ገበያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ፣ ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶችን ይዘረዝራል። ምርቱ የበቀለበት መሬት በመልክዓ ምድራዊ መጋጠሚያ ካልተመለከተ ወደ ገበያው አይገባም ይላል። መሬቱ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያ ድንበሩ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ አንዲት ነጥብ ትበቃለች፤ ነጥቧም ቢያንስ ስድስት የአስርዮሽ ቤት ሊኖራት ይገባል። ደንቡ የሚተገበርበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ አቅጣጫው ግልጽ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ይዞታ በአብዛኛው ጠባብ ስለ ሆነ ከእርሱ የሚጠበቀው አንዲት ነጥብ ናት። ነጥቧን ለመውሰድ ስልክ ይበቃል። ነጥቧ ከገበሬው ስም፣ እሸት ቡናውን ካስረከበበት ቀንና ከኪሎው ጋር ተያይዛ ከማጠቢያ ጣቢያው ወጥታ ገዢው ዘንድ እንድትደርስ ግን መስመር ያስፈልጋታል። መስመሩ ደግሞ በብዙ ጣቢያዎች ይህ ትንሽ ሣጥን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ደን ሳይጨፈጭፍ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ሲያለማ የኖረ ገበሬ፣ ደን አለመጨፍጨፉን የሚያስረዳበት መንገድ በአንድ ራውተር ቅንብር ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። የዛሬው ጉዳያችን ክብደት ከዚህ ይመነጫል።

አሁን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በእሸት ቡና መረከቢያ ወቅት፣ ወደ አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ሁለት ተማሪዎችን አስከትዬ ሄድሁ። ሥራችን ራውተር መትከልና የርክክብ መዝገቡን ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነበር። ግማሽ ቀን ይበቃናል ብለን ምሳ እንኳ አልያዝንም። ሲም ካርዱን አስገባን፤ የሲግናሉ መብራት በራ፤ ኢንተርኔት ግን የለም። እኔም ያለ ምንም ምርመራ “እዚህ ኔትዎርክ ደካማ ነው” ብዬ ፈረድሁ። ተማሪዎቼ መሰላል ተውሰው አንቴናውን ከመጋዘኑ አንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያዞሩ ዋሉ። ያን ሲም ካርድ አውጥተን በስልክ ውስጥ ስናስገባው ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ወደ ራውተሩ ስንመልሰው አይሠራም። ይህ ራሱ መልሱን ይነግረን ነበር፤ እኔ ግን መልሱን ለመስማት አልተዘጋጀሁም ነበር።

በማግሥቱ ከተማሪዎቼ አንዷ የራውተሩን የቅንብር ገጽ ፊደል በፊደል አነበበች። ኤፒኤን በሚባለው፣ የመዳረሻ ነጥቡ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ ከስሙ በኋላ አንድ ባዶ ክፍተት ነበረ። ከስልኬ ማስታወሻ ቀድቼ ስለጥፍ አብሮ የገባ ክፍተት ነው። ለዓይን አይታይም፤ ለኔትዎርኩ ግን ሌላ ስም ነው። ክፍተቱን ሰረዘች፤ መስመሩ በደቂቃ ውስጥ ተከፈተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ አንድ ቀን ሙሉ የፈሰሰውን ስንለቅም የዋልነው በእኔ ችኮላ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለተማሪዎቼ የምነግረው አንድ ነገር አለ። “ኔትዎርክ የለም” የሚለው ቃል የሕመምተኛው ቃል እንጂ የሐኪሙ ቃል ሊሆን አይገባውም። “አመመኝ” ያለ ሰው እውነቱን ነው፤ ሐኪሙ ግን “አሞታል” ብሎ በካርዱ ላይ ቢጽፍ ምንም አልሠራም። የዳታ ግንኙነት አምስት ተከታታይ ደረጃዎች አሉት፤ እያንዳንዱ በራሱ ምክንያት ሊወድቅ ይችላል። ሙያችን የትኛው እንደ ወደቀ መለየት ነው። አንድ በአንድ ልዘርዝራቸው።

አንደኛው ደረጃ ሲም ካርዱ ነው። ራውተሩ ሲሙን አንብቦታልን? ሲሙ የፒን ቁጥር ከተጠየቀና በቅንብሩ ውስጥ የተሳሳተ ፒን ከተጻፈ፣ ራውተሩ በተነሣ ቁጥር እየሞከረ ሦስቱን ዕድል ይጨርሳል፤ ሲሙም ባለ 8 አሃዙ የመክፈቻ ቁጥር እስኪገባ ድረስ ይቆለፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወደ መስክ ከመውጣት በፊት ሲሙን በስልክ ውስጥ አስገብቶ የፒን ጥያቄውን ማጥፋት፣ ወይም ትክክለኛውን ፒን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ መጻፍ። በዚያው አጋጣሚ ሲሙ የዳታ ፓኬጅ እንዳለው ማረጋገጥም ይገባል። የጥቅሉ ቀን ያለፈበት ሲም ልክ እንደ ተበላሸ ራውተር ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው ደረጃ በኔትዎርኩ መመዝገብ ነው። በእያንዳንዱ ሲም ውስጥ የደንበኛው ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች አገሩን ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ 636 ነው። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ኦፕሬተሩን ያመለክታሉ፤ 01 ኢትዮ ቴሌኮም፣ 02 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነው። ራውተሩ ይህን ቁጥር ይዞ በአቅራቢያው ያለውን ታወር ያንኳኳል፤ ታወሩም በስተጀርባው ያለውን የደንበኞች መዝገብ ጠይቆ ያስገባዋል ወይም ይመልሰዋል። በራውተሩ የሁኔታ ገጽ ላይ “ተመዝግቧል” የሚል ካለ ሁለተኛው ደረጃ አልፏል፤ ከዚህ በኋላ አንቴና ማዞር ሊረዳ የሚችለው ፍጥነትን እንጂ መግባትን አይደለም። እኛ ያን ቀን “ተመዝግቧል” የሚለውን ጽሑፍ እያየን ነው አንቴና ስናዞር የዋልነው።

ሦስተኛው ደረጃ የዳታ ክፍለ ጊዜ መክፈት ነው፤ ኤፒኤን የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ኤፒኤን የበር ስም ነው። ኔትዎርኩ ብዙ በሮች አሉት፤ አንዱ ወደ ኢንተርኔት፣ ሌላው ወደ አንድ ባንክ የግል መስመር፣ ሌላው ወደ ሥዕላዊ መልእክት አገልግሎት ይወስዳል። ራውተሩ “በየትኛው በር ልግባ?” የሚለውን ራሱ መናገር አለበት። ለኢትዮ ቴሌኮም መስመሮች በስልኮች ዝርዝር ውስጥ ለረጅም ዓመታት የቆየው ስም “ኢቲሲ ነጥብ ኮም” የሚለው ነው፤ በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ምንም ክፍተት ይጻፋል። ኢቲሲ የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ምኅጻረ ቃል ነው። ኮርፖሬሽኑ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ለኢትዮ ቴሌኮም ቦታውን ለቅቋል፤ ስሙ ግን በስልኮቻችን ሆድ ውስጥ አልወጣም። ሆኖም ከእኔ ንግግር ላይ ቀድታችሁ አትጻፉ፤ ስሙ እንደ ኦፕሬተሩና እንደ አገልግሎቱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ ሲሙን ከሸጣችሁ ዘንድ ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

እንግዲህ ያ ሲም በስልክ ሠርቶ በራውተር ለምን አልሠራም? ስልክ 636ንና 01ን እንዳነበበ በውስጡ ተጽፎ ከመጣው የኦፕሬተሮች ዝርዝር ትክክለኛውን ስም ራሱ ይመርጣል። እኛ ሳናውቀው ሥራውን ሠርቶልናል። ብዙ ራውተሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ሌሎች ግን ዝርዝር የላቸውም፣ ወይም ዝርዝራቸው ለሌላ አገር ገበያ የተዘጋጀ ነው። የቅንብር ገጹ ከስሙ በተጨማሪ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ የማረጋገጫ ዘዴ፣ የአይፒ ዓይነትም ይጠይቃል። የማረጋገጫ ዘዴው ፓፕ ወይም ቻፕ ነው፤ አይፒው 4፣ 6 ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ስታመነቱ ከሁሉ አስቀድማችሁ በአይፒ 4 ብቻ ሞክሩ። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር። በቀደሙት የሞባይል ትውልዶች ምዝገባና የዳታ ክፍለ ጊዜ የተለያዩ ሥራዎች ነበሩ። በአራተኛው ትውልድ፣ በኤልቲኢ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከምዝገባው ጋር አብሮ ይከፈታል። ስለዚህ የተሳሳተ ኤፒኤን በኤልቲኢ ላይ ምዝገባውን ራሱን ሊያስከለክል፣ ራውተሩንም ወደ ሦስተኛው ትውልድ ሊያወርደው ይችላል። ሰውም ይህን አይቶ “እዚህ አካባቢ አራተኛ ትውልድ የለም” ይላል።

አራተኛው ደረጃ አድራሻ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲከፈት ኔትዎርኩ ለራውተሩ የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። አድራሻው በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ከኦፕሬተሩ የአድራሻ ማዛመጃ በስተጀርባ ናችሁ። የአይፒ 4 አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለ ሆኑ፣ በመላው ዓለም ያሉ ኦፕሬተሮች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ሥር ያሳድራሉ። ይህም ማለት ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ይቻላል፤ ከውጭ ግን ማንም በሩን ሊያንኳኳ አይችልም። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን “ዲላ ተቀምጬ የጣቢያውን ራውተር በአድራሻው እከፍታለሁ” በሚል ዕቅድ ላይ ይመሠርታል፤ ከዚያም ወደብ ሲከፍትና ሲዘጋ ወራት ይፈጃል። መንገዱ ሌላ ነው። ራውተሩ ራሱ ከውስጥ ተነሥቶ ወደ አንድ የታወቀ ሰርቨር የቪፒኤን መስመር ይዘርጋ፤ እናንተም በዚያ መስመር ተመልሳችሁ ግቡ።

አምስተኛው ደረጃ ማከፋፈል ነው። ራውተሩ በይነመረብ አግኝቶ ኮምፒውተሩ ግን ላያገኝ ይችላል። ለመለየት በመጀመሪያ በቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8.8.8 ብላችሁ ፒንግ አድርጉ። ቁጥሩ ከመለሰ መስመሩ ሕያው ነው። ቀጥላችሁ በስም ሞክሩ፤ ቁጥር እየመለሰ ስም ካልመለሰ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር በሚተረጉመው በዲኤንኤስ ላይ ነው። ሁለቱም እየሠሩ ድረ ገጾች “ደኅንነቱ ያልተጠበቀ” እያሉ እንቢ ካሉ ደግሞ ሰዓቱን ተመልከቱ። ብዙ ርካሽ መሣሪያዎች መብራት ሲጠፋ ሰዓታቸውን ይረሳሉ፤ ሰዓቱ የተሳሳተ መሣሪያ የድረ ገጽን የምስክር ወረቀት ማመን አይችልም።

አምስቱ ደረጃዎች እነዚህ ናቸው። አሁን ወደ ቅጠሉ ልመለስ።

ባዶ ክፍተቱን ከሰረዝን በኋላ መስመሩ ተከፈተ ብያችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን እየተቆራረጠ አስቸገረን። ራውተሩ የነበረው በመጋዘኑ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። የጣቢያው ጥበቃ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ አባት፣ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብለው ሲያዩን ቆይተው ተማሪዬን ጠሩና፣ “ልጄ፣ እኔ ለልጄ ስደውል እዚህ ቆሜ አይደለም። ከእንሰቱ ወጥቼ፣ ከቡና ማድረቂያው አልጋ ዳር፣ ፊቴን ወደዚያ ሸንተረር አድርጌ ነው” አሏት። ወደዚያ ሄደን ለካን። በመጋዘኑ ውስጥ የሲግናሉ ጥንካሬ ኔጌቲቭ 112 ዲቢኤም ነበር፤ እርሳቸው በሚቆሙበት ቦታ፣ አንቴናው በእንጨት ምሰሶ ላይ ሲወጣ፣ ኔጌቲቭ 94 ሆነ። የ18 ዴሲቤል ልዩነት ማለት የደረሰን ኃይል ከ60 ጊዜ በላይ ጨመረ ማለት ነው። እኛ መሣሪያ ይዘን ያላገኘነውን ቦታ ጋሼ ለዓመታት ያውቁት ነበር። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ፣ ቦታውን የሚያውቀው ሰው ሳይሰማ ነገሩ አይቋጭም። እኛ ኢንጂነሮች ግን ብዙ ጊዜ ከፈረድን በኋላ ነው የምንጠይቀው።

ስለ ዲቢኤም ትንሽ ላብራራ፤ ቁጥሩን ማንበብ የሚችል ሰው ግማሹን ችግር ፈትቷል። ኔጌቲቭ 90 ዲቢኤም ማለት የአንድ ዋት ትሪሊዮንኛ ነው። ራውተሩ ወደ ታወሩ ሲናገር የሚጠቀመው ከፍተኛ ኃይል በኤልቲኢ በተለምዶ 200 ሚሊ ዋት ነው፤ ከታወሩ ሲሰማ የሚደርሰው ግን ይህን ያህል ኢምንት ነው። በየ10 ዴሲቤሉ ኃይሉ በ10 እጥፍ ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ በ2 እጥፍ። አርኤስአርፒ የሚባለው ልኬት ከኔጌቲቭ 90 የተሻለ ሲሆን ደኅና ነው፤ ወደ ኔጌቲቭ 100 ሲጠጋ ይሠራል፤ ከኔጌቲቭ 110 ሲያልፍ በሞት አፋፍ ላይ ነው። ከጥንካሬው ጋር ጥራቱንም፣ ማለትም ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ፣ ተመልከቱ፤ ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች ከሆነ ጥንካሬው ብቻውን አያድናችሁም። በራውተሩ ፊት ላይ የሚበሩት አራትና አምስት ዘንጎች ግን እንደ አምራቹ ፍላጎት የሚበሩ ናቸው፤ አትመኑባቸው።

ቅጠል ለምን ይጎዳል? በ900 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር፣ በ1800 ደግሞ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የእንሰት ቅጠል ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ ውስጡም ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ የሞገዱን ኃይል ይመጥጣል። በተጨማሪም በክፍት ቦታ ላይ ድግግሞሹ በእጥፍ ሲጨምር፣ በተመሳሳይ አንቴናና ርቀት 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ስለዚህ ዝቅተኛው ድግግሞሽ በገደልና በቅጠል መካከል የተሻለ ይጓዛል። “ዝናብ ሲዘንብ ኔትዎርክ ይጠፋል” የሚባለውም ከፊሉ እውነት ነው። በእነዚህ ድግግሞሾች የዝናቡ ጠብታ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ ትንሽ ነው። የረጠበ ቅጠል ግን ይጎዳል፤ ታወሮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው የማይክሮዌቭ መስመር በከባድ ዝናብ ይዳከማል፤ የኤሌክትሪክ መቋረጥም አለ። ሦስቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ የየራሳቸውም መድኃኒት አላቸው።

የቅጠሉ መድኃኒት አንቴናውን ከቅጠሉ በላይ ማውጣት ነው፤ ዛፉን መቁረጥ አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ደን አለመጨፍጨፉን ለማስመስከር ዛፍ የቆረጠ ጣቢያ እንዳይኖረን ነው። አንቴናውን ስታወጡ ግን ገመዱን አታርዝሙ። ቀጭን የአንቴና ገመድ በእያንዳንዱ ሜትር 1 ዴሲቤል ያህል ይበላል፤ 10 ሜትር ከሳባችሁ ከተቀበላችሁት ኃይል ዘጠና በመቶው በገመዱ ውስጥ ቀርቷል። ይልቁንስ ራውተሩን ውሃ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ ከአንቴናው አጠገብ ምሰሶው ላይ ስቀሉት፤ ወደ ቢሮው የሚወርደው የኢተርኔት ገመድ ይሁን። እርሱ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ምሰሶው የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ ከፍ ያለ ብረት መብረቅን እንግዳ አድርጎ ይጋብዛል።

ስለ መብራት፦ እንዲህ ያለ ራውተር 6 ዋት ያህል ይወስዳል እንበል። 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ትይዛለች፤ በስሌት 14 ሰዓት ታቆየዋለች። ባትሪው ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 7 ሰዓት ነው። ለአንድ የርክክብ ምሽት ይበቃል።

ስለ ወጪ ደግሞ አንድ ስሌት ልተውላችሁ። አንድ የርክክብ መዝገብ፣ ማለትም የገበሬው መለያ፣ ቀኑ፣ ኪሎውና የመሬቱ ነጥብ፣ 500 ባይት ይፈጃል ብለን ብዙ እናድርገው። በቀን 400 ገበሬ ቢያስረክብ 200 ኪሎ ባይት ነው። 60 ቀን በሚቆይ ወቅት 12 ሜጋ ባይት ይሆናል። ይህም በዛሬ ስልክ የተነሡ አራት ፎቶግራፎች ያህል ነው። የአንድ ጣቢያ የአንድ ዓመት እውነት በአራት ፎቶግራፍ ዋጋ ይጓዛል። ታዲያ የዳታ ጥቅሉ በሳምንት የሚያልቀው ለምንድን ነው? ኮምፒውተሩ ማንም ሳያዝዘው ዝማኔውን ስለሚያወርድና የዋይ ፋዩ የይለፍ ቃል በግድግዳ ላይ ስለ ተለጠፈ ነው። የመዝገቡን ኮምፒውተር ለይታችሁ ቅድሚያ ስጡት፤ የሌሎችን መጠን ወስኑ፤ የራውተሩን ሶፍትዌር ዝማኔ ዲላ ሳላችሁ ጨርሱ። ከፋብሪካ የመጣውን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም ያኔውኑ ለውጡ።

አንዳንዶቻችሁ “የጸሐፊው ስልክ ሆትስፖት አይበቃም ወይ?” ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ለአንድ ቀን ይበቃል። ስልኩ ግን ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ሥራ ሲለቅ መስመሩም ይለቃል። ራውተሩ የጣቢያው ነው። ደግሞም ማንኛውም መስመር የሚቋረጥበት ቀን አለ። ስለዚህ መዝገቡ በቅድሚያ በጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ይጻፍ፤ መስመር ሲገኝ ይላክ። መስመር በጠፋ ቀን ሚዛኑን የሚያቆም ሥርዓት ከሠራን፣ እሸት ቡናውን በጀርባዋ ተሸክማ የመጣችውን እናት በእኛ ስሕተት አቆምናት ማለት ነው። እሸት ቡና ደግሞ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል።

ወደ መጨረሻዬ ነኝ። በዚያ ጣቢያ ሥራችንን ጨርሰን ስንወጣ አንድ ነገር ተውን። በግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ፣ በአማርኛና በጌዴኦፋ፣ አምስቱን ጥያቄዎች ጻፍን። ሲሙ ተነቧልን? ተመዝግቧልን? የበሩ ስም ትክክል ነውን? አድራሻ አግኝቷልን? ኮምፒውተሩ ዘንድ ደርሷልን? ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍነን ከሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፍነው። ለጸሐፊዋና ለጋሼ ሁለት ጊዜ አሳየናቸው፤ ሦስተኛውን ጊዜ እነርሱ ለእኛ አሳዩን። በቀጣዩ ወቅት ጸሐፊዋ ደውላ ያለችኝ “ኔትዎርክ የለም” አልነበረም። “መምህር፣ ተመዝግቧል፤ አድራሻ ግን አልሰጠውም” አለችኝ። የጥቅሉ ቀን አልፎ ነበር። በስልክ አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም፤ ዲላ እያለሁ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ብዙዎቻችሁ ከዚህ ሣጥን የሚበልጡ ሥርዓቶችን ትሠራላችሁ። የምትሠሩት ሁሉ ግን በመጨረሻው ጫፍ ላይ በአንድ ምሰሶ፣ በአንድ ሲም ካርድና በአንዲት ጸሐፊ እጅ ላይ ያርፋል። ያ ጫፍ ካልሠራ የኋላው ሁሉ እንዳልተሠራ ነው። ስለዚህ ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ከመፍረዳችሁ በፊት ለኩ፤ ከመለካታችሁ በፊት ደግሞ ቦታውን የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ።